አገር ስጠኝ

በልጅነቴ ሐረርን ስንት ጊዜ እንደሰጠሁ አላስታውስም። ጎንደርንም፣ ጅማንም፣ አዋሳንም ሰጥቻለሁ። ተቀባዩ በ4 ዓመት የሚበልጠኝ የአክስቴ ልጅ ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማው ዙሪያ እንሰበሰብና «እንቆቅልህ?» ይለኛል። «ምን አውቅልህ» እላለሁ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ባስብ፣ ባስብ ጠብ አይልልኝም። «አገር ስጠኝ!» ይላል። እሰጠዋለሁ። የሰጠሁትን አገር ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ እኔን በር ላይ አቁሞ፣ እንደ ልቡ ከፎከረብኝ በኋላ ነው መልሱን የሚነግረኝ። ውሃ። በጣም ያናድዳል። ይህን እንዴት አጣሁት ብዬ ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ነው። 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤት መጥቶ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ሌላ ሰው ጌም ሲጫወት ስልኩ ላይ ያያል።

«አንተስ ለምን አትጫወተውም?»

«ይሄ እኮ ታሪክ ያለው ጌም ነው አጎቴ። ታሪኩን ካየሁት ምን ቀረኝ?»

መልስ አጣሁ። አገር ስጠኝ አላለኝም እንጂ ቢለኝ እሰጠው ነበር።

እኔ ያደግሁት «አድቬንቸር» በሚባለው የጌም ዓይነት ነው። ሞተ ሲባል የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው። ተነሳ ሲባልም እንዲሁ። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን የሞተው ነገር ምን እንደነበር ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እንዳትደናገሩ።)

ስሙ ራሱ ያሳስታል። «አድቬንቸር»ን ጀብዱ ብንለው ጎራዴና ፉከራ ይመጣብናል። የአድቬንቸር ጌም ባለታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኪሱን በገመድና በአሮጌ ጫማ ሞልቶ፣ የተቆለፈ በር ፊት ግራ ገብቶት የቆመ ሰው ነው። ዘውጉ ስሙን ያገኘው ከአንድ ፕሮግራም ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ከሚስቱ ጋር ተለያየ። ሁለቱም ዋሻ አሳሾች ነበሩ። ኬንታኪ ውስጥ ያለውን ማሞዝ የተባለውን ግዙፍ ዋሻ አብረው እየገቡ ካርታውን ያነሱ ነበር። ከፍቺው በኋላ ክራውዘር ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ይሆናል ብሎ ያንን ዋሻ በጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠው። ሥዕል የለም። ማሽኑ ያለህበትን ቦታ በቃላት ይነግርሃል፣ አንተ በአንድ ሁለት ቃል ምን እንደምታደርግ ትጽፋለህ። ሂድ። ውሰድ። ክፈት። በ1977 ደግሞ ስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ አስፋፋውና የኮምፒውተር ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እሱን ሲጫወት ከረመ።

ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ክራውዘር የቀን ሥራው ምን ነበር? የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነውን አርፓኔትን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነበር። ማሽኖቹ መልእክት እንዴት እንደሚቀባበሉ የሚወስነውን ፕሮግራም ከጻፉት ውስጥ ነው። ማለትም ቀን ቀን ኢንተርኔትን እየወለደ፣ ማታ ማታ አድቬንቸር ጌምን ወለደ። ታላቁ ልጅ አድጎ ታናሹን ሊያንቀው እንደሆነ ያኔ ማን አወቀ!

በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኔ ዋሻ አጎቴ ቤት ነበር። ጋሼ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ከሰፈራችን ኮምፒውተር ያለው እሱ ብቻ ነበር። ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ጓደኛው የሰጠው የፍሎፒ ክምር ውስጥ ሁለቱ የመንኪ አይላንድ ጌሞች ነበሩ። የመጀመሪያው በ1990 የወጣ፣ ሁለተኛው በ1991። የሠራቸው የጆርጅ ሉካስ ድርጅት ሉካስአርትስ ነው፣ ዋናው ፈጣሪ ደግሞ ሮን ጊልበርት። ጋይብረሽ የሚባል ቀጫጫ ልጅ የባሕር ወንበዴ መሆን ያምረዋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ቤት እሄዳለሁ። መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። እንግሊዝኛዬ የአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ንግግር ለመረዳት ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል።

የመጀመሪያው ጌም ውስጥ ያለውን የጎራዴ ፍልሚያ ግን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። እዚያ የሚያሸንፈው ጎበዝ ጎራዴ መዛዥ ሳይሆን ጎበዝ ተሳዳቢ ነው። አንዱ ወንበዴ ስድብ ይወረውራል፣ አንተ የሚገጥመውን መልስ ካልመለስክ ወደ ኋላ ትገፋለህ። ስድቡንና መልሱን መንገድ ላይ ከምታገኛቸው ወንበዴዎች እየተሸነፍክ ትማራለህ። መጨረሻ ላይ የምትገጥማት የጎራዴ ሊቅ ስድቦቿ ሌሎች ናቸው። የያዝካቸውን መልሶች ለአዲሱ ስድብ እያገናኘህ መግጠም አለብህ። ይህ እንካ ስላንትያ አይደለም እንዴ?

— እንካ ስላንትያ!
— በምንትያ!
— በቡና።
— ምን አለህ በቡና?
— ሲጠሩህ አትሰማም፣ ጆሮህ ደነቆረና።

ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በዚህ ስንሸናነፍ ነው የኖርነው። ካሊፎርኒያ ያሉት ሰዎች ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ እኔ ግን የኛ መስሎኝ ነው የተጫወትኩት።

ሁለተኛው ጌም ነው የገተረኝ። አንድ ፏፏቴ አለ። ከላይ የውሃ መዝጊያ አለው፣ ግን በእጅ አይዞርም። ከፏፏቴው ኋላ መንገድ እንዳለ ይገባሃል፣ ግን ውሃው አያሳልፍህም። ያለኝን ዕቃ ሁሉ ሞከርኩ። ገመድ፣ አጥንት፣ አካፋ። 3 ወር! በሳምንቱ መሐል ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለዚያ መዝጊያ አስባለሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ብልጭ ይልልኛል፣ እሑድን እጠብቃለሁ፣ እሑድ ስሞክረው አይሆንም። ጋሼም አንዳንዴ ጋዜጣውን አጥፎ «እስኪ ያንን ነገር እሱ ላይ አድርገው» ይለኛል። እሱም አይሆንም። ያ 3 ወር ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ጌሙ ይኸው ነበር። እየተጫወትኩ ያልነበርኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ጋሼ ኮምፒውተሩን ሸጠው።

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ በደቂቃ የሚያስከፍል ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ነው። ኢሜይሌን አይቼ ስጨርስ ጥቂት ደቂቃ ተረፈኝ። ድንገት ትዝ አለኝና የጌሙን ስም ጻፍኩ። አንድ ደግ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደረጃ በደረጃ ጽፎት ኖሯል። ቡና ቤት ውስጥ ፒያኖ የምትመታ ጦጣ አለች። ምት መቁጠሪያው ላይ ሙዝ ስታስቀምጥላት ዓይኗ ሙዙን ሲከተል ደርቃ ትቀራለች። ታነሳትና ኪስህ ትከታታለህ። ከዚያ ወስደህ መዝጊያውን በጦጣዋ ትፈታዋለህ።

በጦጣ! ለምን? አሜሪካኖች አንድ ዓይነት ትልቅ መፍቻን «የጦጣ መፍቻ» ብለው ስለሚጠሩት ነዋ። የቃል ጨዋታ ነው። እንግሊዞች እንኳ መፍቻን በሌላ ስም ስለሚጠሩት ግራ ተጋብተውበታል፣ ሮን ጊልበርትም በኋላ ጥሩ እንቆቅልሽ እንዳልነበር አምኗል። የኛ ሰፈር ቧንቧ ሠራተኛማ ዕቃውን ጂራቱቦ ነው የሚለው። ከጣልያን የተረፈ ቃል ነው። እኔ ከጂራቱቦ ተነስቼ ጦጣ ላይ የምደርስበት መንገድ ከየትም አይመጣም ነበር።

ካፌው ውስጥ ሳነበው ሊያስቀኝ ይገባ ነበር፤ አላሳቀኝም። 3 ወር የተሸከምኩትን ነገር አንድ መስመር ላይ አነበብኩት። አገር አልሰጠሁም፣ የፎከረብኝም የለም። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ስለ ዘውጉ አሟሟት ሲነገር ብዙ ምክንያት ይደረደራል። በ1993 ዱም የተባለው የተኩስ ጌም መጣ፣ ሰው መተኮስ ወደደ ይባላል። እውነት ነው፣ ግን በዚያው ዓመት የወጣው «ሚስት» (Myst) የተባለው ጸጥ ያለ፣ አንድም ጥይት የማይተኮስበት ጌም ለዓመታት በኮምፒውተር ጌም ሽያጭ አንደኛ ነበር። ዲዛይናቸው ተበላሸ የሚሉም አሉ። ይህም እውነት ነው። የሲየራ ኩባንያ ጌሞች ጨካኝ ነበሩ። ኪንግስ ክዌስት 5 ላይ ድመት የምታሳድዳትን አይጥ አሮጌ ጫማ ወርውረህ ካላዳንካት፣ ብዙ ቆይቶ ምድር ቤት ውስጥ ታስረህ ገመድህን የሚበጥስልህ የለም። ያኔ ምን እንዳጠፋህ የሚነግርህም የለም። ሮን ጊልበርት እንዲህ ያለውን ነገር ጠልቶ ነው በ1989 አድቬንቸር ጌሞች ለምን እንደሚያስጠሉ የጻፈው። በ1999 በወጣው ሦስተኛው ገብርኤል ናይት ደግሞ ሞተር ብስክሌት ለመከራየት የሌላ ሰው መታወቂያ ትሰርቃለህ። ሰውየውን ለመምሰል ከድመት ፀጉርና ከሲሮፕ ጺም ትሠራለህ። ሰውየው ግን ጺም የለውም! ስለዚህ መታወቂያው ላይ ጺም ትስልበታለህ። ብዙዎች ዘውጉ እዚያ ጋ ራሱን ሰቀለ ብለው ቀልደዋል።

እኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ይመስለኛል። ድሮ መልስ ዋጋ ነበረው። በቀጥታ በገንዘብ። ኢንፎኮም የሚባለው የጽሑፍ ጌም ኩባንያ በማይታይ ቀለም የታተመ የፍንጭ መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። በልዩ እስክሪብቶ ስታሸው ነው ፊደሉ የሚወጣው፤ መጀመሪያ ትንሽ ፍንጭ፣ ቀጥሎ ትልቅ፣ መጨረሻ ላይ መልሱ። ሲየራም የፍንጭ መጽሐፍ ነበረው፣ ስልክ እየደወልክ የምትጠይቅበት መስመርም ነበረው። ይህ ሥርዓቱን የጠበቀ «አገር ስጠኝ» ነው። ምን ያህል እንደምታስብ፣ መቼ እጅ እንደምትሰጥ ራስህ ትወስናለህ፤ እጅ ስትሰጥ ደግሞ ትከፍላለህ። በ1995 ጌምፋክስ የተባለው ድረ ገጽ ሲከፈትና የተጫዋቾች መፍትሔ በነፃ ሲከማች ያ ዋጋ ወደቀ። መልሱ እጁ ላይ ያለ ሰው 3 ወር አይገተርም። 3 ወር ካልተገተረ ደግሞ ያ ጌም 6 ሰዓት የሚፈጅ ውድ ነገር ይሆንበታል። ክራውዘር ታላቁን ልጅ ባይወልድ ኖሮ ታናሹ ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። የሉካስአርትስ ግሪም ፋንዳንጎ በ1998 ወጣ፣ ተቺዎች ወደዱት፣ ሽያጩ ግን አላመረቃም። ሉካስአርትስ በ2004 የመጨረሻውን የዚህ ዓይነት ሥራውን መሐል ላይ ሰረዘው። በ2012 የግሪም ፋንዳንጎ ፈጣሪ ቲም ሼፈር ለአዲስ አድቬንቸር ጌም ከሕዝብ 400,000 ዶላር ቢለምን ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሰበሰበለት። የናፈቀው ሰው ብዙ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቴልቴል የተባለው ኩባንያ ዎኪንግ ዴድ በተባለው ጌሙ አዲስ መንገድ ያዘ። እንቆቅልሹን አወጣና ምርጫ አስገባበት። ማንን ታድናለህ? ምን ትመልሳለህ? እኔም አልቅሼበታለሁ። ግን መገተር የለም። ማንም የማይገተርበትን ጌም ሰው ሲጫወተው ማየት ራስህ ከመጫወት ብዙም አይለይም። የእህቴ ልጅ ያለኝ ይህንኑ ነው። ቴልቴል በ2018 አብዛኛውን ሠራተኛ በአንድ ቀን አሰናበተ። አስተዳደሩ ብዙ ስህተት ሠርቷል ይባላል፣ እኔ ግን የልጁም ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስለ አዲስ አበባም አንድ ነገር ልበል። እኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ሲከፈት እግር ኳስና ቴከን የሚባለው የድብድብ ጌም ብቻ ነበር። ጣዕም የሌለን ሆነን አይደለም። ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፣ ከኋላህ ተራ የሚጠብቁ 5 ልጆች አሉ። እዚያ መሐል በር ፊት ቆመህ ልታስብ? «ተነስ እንጂ፣ ዶማ!» ትባላለህ። አድቬንቸር ጌም የራስህ ወንበርና የራስህ መብራት ይፈልጋል። የኛ ትውልድ እነዚህን ጌሞች ያላወቀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እኔም ጋሼ ባይኖር አላውቃቸውም ነበር።

እና አሁንስ?

አሁን የምወዳቸው ጌሞች መልሱ ቢነገርህም የማይጠቅምህ፣ ወይም መልሱን መስማት የማያስፈልግህ ዓይነት ናቸው። ሉካስ ፖፕ በ2018 ያወጣውን ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን ውሰዱ። የኢንሹራንስ መርማሪ ነህ። 60 ሰው የነበረባት መርከብ ባዶዋን ተመልሳለች። እያንዳንዱ ማን እንደነበረና ምን እንዳገኘው መዝገብ ላይ ትሞላለህ። ጌሙ ትክክል መሆንህን የሚነግርህ 3 ሰው አንድ ላይ በትክክል ስትሞላ ብቻ ነው። በግምት አይሆንም። የአንዱን ዘዬ፣ የሌላውን ጫማ፣ የሌላውን መኝታ ቁጥር እያየህ ታወጣለህ። አውተር ዋይልድስ (2019) ደግሞ በየ22 ደቂቃው ፀሐይ ትፈነዳለች፣ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል። የምትሰበስበው ዕቃ የለም። የሚቀርህ ያወቅኸው ነገር ብቻ ነው። ሁለት የላትቪያ ወንድማማቾች የሠሩት ዘ ኬዝ ኦፍ ዘ ጎልደን አይዶል አለ፣ በ2025 የወጣው ብሉ ፕሪንስ አለ። 45 ክፍል ያለው ቤት ውስጥ 46ኛውን ክፍል ፈልግ ይልሃል። እሱን ስጫወት ደብተር ገዛሁ። እውነተኛ ደብተር፣ ባለ 50 ሉክ። ሚስቴ ለልጆቹ መስሏት ነበር።

ሮን ጊልበርት ራሱ በ2022 በሪተርን ቱ መንኪ አይላንድ ተመልሷል። የፍንጭ መጽሐፉን ጌሙ ውስጥ አስገብቶታል፤ ጋይብረሽ ኪሱ ይዞት ይዞራል። ስትጠይቀው ጥቂት በጥቂት ነው የሚነግርህ። የድሮውን የማይታይ ቀለም ያየሁት መሰለኝ። ወደ ውጭ ወጥተህ መልሱን ሙልጭ አድርገህ ከምትበላው እዚሁ ቤት ውስጥ ቀንሰን እንስጥህ ነው ነገሩ።

ወደፊት አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ የፈለግኸውን የሚያወራህ፣ መጨረሻ የሌለው አድቬንቸር ይሠራል የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ። የጻፍከውን ሁሉ ይቀበልሃል። በሩን በጦጣ ክፈት ብትለው በጦጣ ይከፍትልሃል፣ በሙዝም ይከፍትልሃል። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደስ ይላል። እንቆቅልህ የሚልህ ሰው ግን መልሱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ካላወቀ አገር ስጠኝ ሊል ምን መብት አለው?

እኔ በበኩሌ የራሴን ዋሻ እየቆፈርኩ ነው። ከሥራ መልስ፣ መብራት ካለ። በባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚካሄድ፣ በአማርኛ የሚጻፍበት የጽሑፍ ጌም። የወይብ ወንዝ የሚያቋርጠው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ነው፤ ክራውዘር ቢያየው አይወጣም ነበር። ሥራው ግን አስቸጋሪ ነው። እንግሊዝኛው ተጫዋቹን አንድ ዓይነት አድርጎ ይጠራዋል። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዋሻ ውስጥ ነህ ልበል፣ ነሽ ልበል፣ ነዎት ልበል? ሲጀመር ለመጠየቅ ወሰንኩ። ቀጥሎ ግሱ። አንድ ጓደኛዬ ሲሞክረው «በሩን ክፈት» አለ፣ ገባው። «ክፈተው» አለ፣ አልገባውም። «እስኪ ከፈት አድርገው» ሲል ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። አማርኛ ለማዘዝ ስንት መንገድ እንዳለው ያወቅሁት እዚህ ነው።

ቢሆንም ሦስት ክፍል ጨርሻለሁ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንዙን የሚያሻግርህ እንካ ስላንትያ ከገጠምከው ነው። ማክሰኞ ዕለት ለእህቴ ልጅ ላክሁለት። መልስ ያለበት ቪዲዮ የትም የለም፤ ጌሙን የሚያውቀው ሰው ሦስት ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለ።

«አጎቴ፣ ሽማግሌው አላሻግር አለኝ።»

«እና?»

«መልሱን ንገረኛ!»

«አገር ስጠኝ።»

«ምን?»

«አገር። ሐረርን፣ ጎንደርን፣ የፈለግኸውን።»

ትንሽ ዝም አለ። «ማንቸስተርን ውሰድ» አለኝ።

«ከተማውን ነው ቡድኑን?»

እሱን ማሰብ ጀመረ መሰለኝ ድምፁ ጠፋ። ከኋላው የእናቱ ድምፅ ይሰማል፤ ነገ ትምህርት አለ፣ ተኛ እያለች ነው። ከዚያ «ቆይ ቆይ፣ ተወው፣ አትንገረኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እስካሁን አልደወለም።